ከእናቴ ድምፅ ሥር የተጻፈው

ያን ቅዳሜ ጠዋት ከሄይዋርድ ወደ ሳን ሆዜ የነዳሁት እያንጎራጎርኩ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ በመጨረሻው ሰዓት ሺፍት ቀይራልኝ ነበርና ኖቫ የተባለችው የድሮ መኪናችን በትርኢት ላይ በሰው ፊት ቆማ ላያት ነው። አብሮኝ ላደሳት ለኤፍሬም አልነገርኩትም፤ ሰርፕራይዝ ላደርገው ፈልጌ። መንገድ ላይ ቆሜ እሱ የሚወደውን የአልሞንድ ክሩዋሳንት ገዛሁለት። ያ ክሩዋሳንት እስከ ማግስቱ ድረስ ከነከረጢቱ የመኪናዬ ወንበር ላይ ቀረ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሰብለ እባላለሁ። ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የኩላሊት እጥበት ማዕከል ቴክኒሻን ነኝ። እኔ በዲቪ መጣሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ያሬድም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በራሱ ዕጣ መጣ። እናታችንን ደግሞ ዜግነት ሳገኝ አስመጣናት። ያሬድ አዳማ ሳለ ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚሠራው። እዚህም መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭን ውሎ ማታ የሚያየው የድሮ መኪና ቪዲዮ ነው። አንድ ቀን ፕሌዘንተን በሚባል ከተማ ከሚኖሩ ጡረተኛ ጓሮ፣ በሸራ ተሸፍና ዓመታት የኖረች ባለሁለት በር ኖቫ በተጎታች ጭኖ ቤታችን በር ላይ አወረደ። ሞተሯ ተጣብቋል። ወንበሮቿን አይጥ በልቷቸዋል።

እማዬ ወጥታ ዞር ዞር ብላ አየቻትና፣ "ይቺን ገንዘብ ሰጥተህ ነው ያመጣሃት ወይስ ውሰድልን ብለው ከፈሉህ?" አለችው።

እኔ ጋራዥ መግባት የጀመርኩት ለወንድሜ ወሬ ላጫውተው ብዬ ነው። ከዚያ ቁልፍ ማቀበል መጣ። ከዚያ እሱ ቁልፍ አቀባይ፣ እኔ ፈቺ ሆንን። ማመን ይቸግራችሁ ይሆናል እንጂ ሞተር ከኩላሊት ማጠቢያ ማሽኖቻችን ብዙም አይርቅም። ፓምፕ አለ፣ ቱቦ አለ፣ ማጣሪያ አለ፣ ግፊቱ ከተዛባ የሚሞት ነገር አለ። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አውርጄ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ሳጸዳ ያሬድ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ "አዳማ ብትሆኚ ማስተር ሰብለ ነበር የምትባዪው" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ሞተሩ ተገጣጥሞ ሳያልቅ ያሬድ ታመመ። የደም ካንሰር ነው። ክረምቱን ሙሉ ሆስፒታል ስንመላለስ ቆይተን በጸደይ ሞተ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን፣ እኔና እሱ ብቻችንን ሆነን ሳለ፣ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ፣ "ሰብሊ፣ ቀይ እንዳትቀቢያት። ቀይ የሚቀባው ሞተር የሌለው ሰው ነው" አለኝ። ሳቅኩ። እሱም ሊስቅ ሞከረና ሳል አቋረጠው። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ነገር የለም።

ይህን ለእናቴ እንኳን አልነገርኳትም። የእኔና የእሱ ብቻ እንዲሆን ፈለግኩ መሰለኝ።

ከቀብሩ በኋላ የጋራዡን በር ለወራት አልከፈትኩም። የከፈተው ኤፍሬም ነው። ኤፍሬም የያሬድ ጓደኛ ነበር፤ ኦክላንድ ውስጥ የመኪና አካል በሚጠገንበት ቦዲ ሾፕ ይሠራል፤ እጁ የተባረከ ቀለም ቀቢ ነው። አንድ እሑድ መጣና፣ "ሰብሊ፣ ዝገት ለቅሶ ላይ ናቸው ብሎ አይታገስም። አንቺ ሞተሩን ጨርሺ፣ እኔ ቦዲዋን እይዛለሁ" አለኝ።

እንዲህ ተጀመረና ከሁለት ዓመት በላይ እሑድ እሑድ አብረን ሠራን። ምሳ ከእኛ ጋር ይበላል። ትንሽ ካረፈደ እማዬ፣ "ልጄ ምን ሆኖ ይሆን?" ትላለች፤ መጀመሪያ "እትዬ ዘነበች" ይላት የነበረው ልጅም "እማዬ" ማለት ጀመረ። እናቱ ደሴ ናት። ናፍቆቱን እኛ ቤት ይወጣ፣ ደግ አደረገ፣ እል ነበር። የቀለም ምርጫ ላይ ስንደርስ እሱ ደማቅ ቀይ አለ። ያኔ ነው ያሬድ ሆስፒታል ያለኝን የነገርኩት። ኤፍሬም የቀለሙን ናሙና አስቀምጦ አለቀሰ። ጥቁር አረንጓዴ ቀባናት።

ሥራችንን በስልኩ እየቀረጸ ኢንተርኔት ላይ ፖስት ያደርግ ነበር። "ተከታዮች አሉኝ" ይለኛል፤ እኔ ለሶሻል ሚዲያ ጊዜም ፍላጎትም የለኝም። አንድ ቀን እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ እናቴን ሳሎን አስቀምጦ ስለ ያሬድ አናገራት። ማታ ስገባ፣ "ለማስታወሻ ብሎ ቀረጸኝ፤ የሆዴን አውርቼለት ቀለለኝ" አለችኝ። ደስ አለኝ። አንዴ ለሞተሩ ምርጥ ካርቡራተር፣ አንዴ ደግሞ አዲስ የቆዳ ወንበሮች ይዞ ይመጣል። ከየት ስለው "የማውቃቸው ሰዎች ናቸው" ይላል። በእሱም ደስ አለኝ። ሾው የሚባለው የመኪና ትርኢት ሁሉ ቅዳሜ ነው፤ እኔ ቅዳሜ ሥራ ነኝ፤ ስለዚህ ይዟት የሚሄደው እሱ ነበር።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ።

ሾው የሚደረገው በአንድ ትምህርት ቤት የመኪና ማቆሚያ ነው። ኮፈናቸውን የከፈቱ መኪኖች ተደርድረዋል፤ ሜክሲካውያን ቤተሰቦች ድንኳናቸውን ዘርግተው ሥጋ ይጠብሳሉ፤ አንድ ቦታ ሞተር ሲያጓራ ሕፃናት ጆሯቸውን ይዘው ይስቃሉ። ኖቫዋን ከሩቅ ለየኋት። ከሁሉም መኪና ይልቅ ሰው የተሰበሰበው እሷ ጋ ነበር። ኩራት እንደ ሞኝ ብቻዬን ፈገግ አስባለኝ።

ቀረብ ስል ግን ነገሩ ለየት አለብኝ። አንዲት ሸምገል ያለች ነጭ ሴት ኤፍሬምን አቅፋ ታለቅሳለች። እሷ ስትለቀው አንድ ጎልማሳ ትከሻውን ጨብጦ፣ "ስለ ወንድምህ በጣም አዝናለሁ" አለው በእንግሊዝኛ። ኤፍሬም አንገቱን ደፍቶ አመሰገነ።

ክው አልኩ። ኤፍሬም ደሴ ወንድም አለው። መርዶ መጥቶበት ነው! ለእኛ ሳይነግረን፣ ብቻውን ተሸክሞ ነው እዚህ የቆመው! እማዬን እንዴት ነው የምነግራት? ለቅሶው የት ይቀመጥ? እኛ ቤት ነው የሚሆነው፣ ሌላ ማን አለው? ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሰው ገፍቼ መሄድ አፈርኩና አጠገቤ የቆሙትን አዛውንት ጠየቅኩ። ኮፍያ ያደረጉ፣ ደረታቸው ላይ የአዘጋጅ ባጅ የለጠፉ ሜክሲካዊ ናቸው። በኋላ እንዳወቅኩት ሚስተር ሩበን ይባላሉ፤ ሾውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

"ይቅርታ፣ ወንድሙ መቼ ነው የሞተው?" አልኳቸው።

"አታውቂም? ሁለት ዓመት አለፈው እኮ። ይቺን መኪና የጀመራት እሱ ነው። ያሬድ።"

ስሙን በስፓኒሽ አፋቸው "ጃሬድ" ብለው ነው የጠሩት። ለትንሽ ጊዜ አልገባኝም። "ወንድሙ ያሬድ?" ብዬ ደገምኩ።

"አዎ። ታናሹ። እዚያ ፎቶው አለ፤ የእናታቸውም ቪዲዮ አለ። መሐረብ ካለሽ ያዢ" አሉኝ በደግነት።

ሄድኩ። ከኖቫዋ ጎን በእግር የቆመ ሰሌዳ አለ። ፎቶውን አውቀዋለሁ፤ እኛ ጋራዥ ውስጥ የተነሳነው ነው። ያሬድ መሀል፣ ኤፍሬም በግራ፣ እኔ በቀኝ ነበርን። እዚህ ላይ ግን ያሬድና ኤፍሬም ብቻ ናቸው። እኔ የለሁም። ያሬድ ትከሻ ላይ ያረፉ ጣቶች ግን ቀርተዋል። የእኔ ጣቶች ናቸው።

ከሰሌዳው ሥር ትንሽ ስክሪን ተቀምጧል። እናቴ አለች። ነጠላዋን ለብሳ፣ የእኛው ሶፋ ላይ ተቀምጣ በአማርኛ ታወራለች። ሰው ከብቦ ከሥር የተጻፈውን እንግሊዝኛ ያነባል።

እናቴ እንዲህ ትላለች፦ "ልጄ ያሬድ ዝምተኛ ነበር። ጋራዥ ሲገባ ግን ያፏጫል። እህቱ ከሥራ ስትመጣ ዩኒፎርሟን እንኳን ሳትቀይር እሱ ጋ ነው የምትሄደው።"

ከሥር የተጻፈው፦ "ያሬድ ዝምተኛ ነበር። ከወንድሙ ጋር ጋራዥ ሲገባ ግን ያፏጫል። ሁለቱ ልጆቼ ከዚያ አይወጡም ነበር።"

ዓይኔ ነው ብዬ ቀረብኩ። እናቴ ቀጠለች፦ "እሱ ከሞተ በኋላ ሞተሩን የጨረሰችው እሷ ናት። እያለቀሰች ስትፈታ እሰማታለሁ።"

ከሥር፦ "እሱ ከሞተ በኋላ ወንድሙ ሞተሩን ጨረሰ። እያለቀሰ ሲፈታ እሰማዋለሁ።"

ከዚያ የመጨረሻው መጣ። እናቴ ቀና ብላ ወደ ካሜራው፣ ማለትም ካሜራውን ወደያዘው ሰው፣ እያየች ፈገግ አለች። "ኤፍሬምንም እግዜር ይስጠው። ሌላ እናት የወለደችው ሆኖ ሳለ እንደ ልጅ ሆነልኝ።"

ከሥር የተጻፈው፦ "ኤፍሬም እግዜር ያስቀረልኝ ልጄ ነው።"

አጠገቤ የነበረች ወጣት አፍንጫዋን ጠረገች። ቪዲዮው አለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳ። እዚያ ከቆመው ሰው ሁሉ እናቴ የምትለውን የሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጮክ ብላ፣ በግልጽ አማርኛ እያወራች፣ የሚሰማት አልነበረም።

ቀና ስል ከኤፍሬም ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ፊቱ አመድ መሰለ። ሰዉን ይቅርታ ብሎ መጣና ክንዴን ይዞ ምግብ ከሚሸጡት መኪኖች ጀርባ ወሰደኝ። ያለኝን የመጀመሪያ ቃል እስከ ዛሬ አልረሳውም።

"ሰብሊ፣ ዛሬ ሥራ አልነበረሽም እንዴ?"

"ያሬድ ወንድምህ የሆነው መቼ ነው?" አልኩት።

"ወንድሜ አይደለም እንዴ? አንቺ ራስሽ ታውቂያለሽ። እኛ ጓደኛን ወንድሜ አይደል የምንለው? መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነው በእንግሊዝኛ 'ማይ ብራዘር' ያልኩት። ሰዉ የሥጋ መስሎት አጽናናኝ። ኮሜንቱ ጎረፈ። ላርመው ስል ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ…"

"እናቴ 'እህቱ' ስትል 'ወንድሙ' ብለህ የጻፍከውስ? እሱም የቋንቋ ነው?"

ማንም እንዳልሰማን ዞር ብሎ አየ።

"ከፎቶው የቆረጥከኝስ?"

"ሰብሊ፣ እዚህ ሀገር ጥሩ ቀለም የሚቀባ ሞልቷል። ሰው ታሪክ ነው የሚፈልገው። የቀባሁትን አይቶ ያልፋል፤ ስለ ያሬድ ስናገር ግን ይቆማል። ወንበሮቹን የላኩልኝ፣ ካርቡራተሩን የሰጡኝ፣ ሁሉም ለያሬድ ብለው ነው።"

"በያሬድ ለቅሶ ላይ ነው እንግዲህ የተቀመጥኩት" አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ እንጂ ለኤፍሬም ብዬ የተናገርኩት አልነበረም። ስንት ጊዜ በእነዚያ ወንበሮች ላይ ተደግፌ የቆዳውን ሽታ እየሳብኩ ኤፍሬምን መርቄያለሁ።

እጄን ያዘኝ። "አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ሳንታ ክላራ ያለው ትልቁ የመኪና ማደሻ ባለቤት እዚህ ነው። ዛሬ ሽልማቱን ካየ ሊቀጥረኝ ነው። እስከዚያ ብቻ ታገሺኝ። ከዚያ በኋላ ራሴ አስተካክለዋለሁ። ለእማዬ ግን አትንገሪያት፤ ይሰብራታል።"

እውነቱን ልንገራችሁ? ልታገሰው ነበር። እናቴ ዓይኔ ላይ መጣችብኝ። ሁለት ዓመት እሑድ ምሳ ላይ ያለቀሰችው፣ የሳቀችው ከእሱ ጋር ነው። አሁን ይህንን ምን ብዬ ነው የምነግራት? ዝም ብዬ ወደ መኪናዬ ልሄድ ዞርኩ። እሱም ዝምታዬን እሺታ አድርጎት መሰለኝ፣ እጄን ጨበጥ አድርጎ ወደ መድረኩ ሮጠ። ስሙ ተጠርቶ ነበር። የተመልካቾች ምርጫ ኖቫዋ ሆናለች።

መድረክ ማለት የአንድ ፒክአፕ የኋላ መጫኛ ነው። ወጥቶ ማይክራፎን ያዘ። እናቱ ታማ መምጣት እንዳልቻለች ተናገረ። እናቴ ያን ሰዓት ቤት ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ይህንንም ቻልኩት። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "ወንድሜ ሊሞት ሲል ሆስፒታል አጠገቡ ነበርኩ። የመጨረሻ ቃሉ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ቀይ እንዳትቀባት፣ ቀይ የሚቀባው ሞተር የሌለው ሰው ነው፣ አለኝ።"

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ውስጥ ለቅሶ ነበረበት። አጨበጨቡ።

እኔ ግን የሆነ ነገር ከውስጤ ሲነቀል ተሰማኝ። የዚያ ክፍል ሽታ፣ የግሉኮሱ ጠብታ፣ የያሬድ የተሰነጠቀ ከንፈር ሁሉ ተመለሰብኝ። ኤፍሬም ያኔ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ማንም አልነበረም። ያን ቃል በምድር ላይ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ፒክአፑ ጋ ቆሜ ነበር። የሚስተር ሩበንን እጅ ያዝኩ። "ያቺ ቪዲዮው ላይ ያለችው እናቴ ናት" አልኳቸው። "የኤፍሬም እናት አይደለችም። የእኔና የያሬድ እናት ናት። የተጻፈው ትክክል አይደለም። እንድተረጉመው ይፍቀዱልኝ።"

አዩኝ። ከዚያ ኤፍሬምን አዩት። ኤፍሬም በአማርኛ፣ "ሰብሊ፣ በያሬድ ሞት!" አለኝ። ሩበን ቃሉን አልተረዱም፤ ድምፁን ግን ተረዱ መሰለኝ፣ ማይክራፎኑን ቀስ ብለው ከእጁ ወስደው ለእኔ ሰጡኝ። አንዱን ልከው ስክሪኑን አስመጡና ድምፁን ከፍ አደረጉት።

እናቴ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትናገር ያቆሙታል፤ እኔ እተረጉማለሁ። "እህቱ ከሥራ ስትመጣ ዩኒፎርሟን እንኳን ሳትቀይር እሱ ጋ ነው የምትሄደው። እህቱ እኔ ነኝ" አልኩ። ከኋላ አንዱ፣ "ኧረ ተዪው፣ ቀኑን አታበላሺ!" ብሎ ጮኸ። ቀጠልኩ። ከዚያ ኤፍሬምን የሚመለከተው ደረሰ። ሩበን ቪዲዮውን አቆሙት። "ሌላ እናት የወለደችው ሆኖ ሳለ" አልኩና ዞሬ ኤፍሬምን አየሁት፣ "እንደ ልጅ ሆነልኝ።"

ኤፍሬም ዋንጫውን ፒክአፑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠና ወረደ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ማንም አልሰደበው፣ ማንም አልነካው። የኖቫዋን ቁልፍ ኮፈኗ ላይ ጥሎ በእግሩ ከግቢው ወጣ። ሳልጠራው ከዓይኔ ጠፋ።

ቅድም አቅፋው ስታለቅስ የነበረችው ሴት ወደ እኔ መጣች። "ልጄ ነው የሞተብኝ" አለችኝ። "ለኤፍሬም ስንት ወር ሙሉ ስጽፍለት ነበር። ለማንም ያልነገርኩትን ነግሬዋለሁ። እሱ ያውቀዋል ብዬ።" ተቃቅፈን ቆምን። ያኔ ነው የተታለልኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ የገባኝ።

የራሴን መኪና እዚያው ጥዬ ኖቫዋን ይዤ ወጣሁ። ሞተሯ እንደዚያን ቀን ጥርት ብሎ ሠርቶልኝ አያውቅም። በአጠገቤ የሚነዱ ሾፌሮች አውራ ጣታቸውን ያሳዩኛል፤ እኔ መሪውን ይዤ እንባዬን በክርኔ እጠርጋለሁ።

እማዬ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ኤፍሬምስ? ምሳ አቅርቤያለሁ" አለች።

ወጥ ቤት አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። የያሬድን የመጨረሻ ቃልም ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። እሱ ላይ ስደርስ ሳቀች፤ "የእኔ ልጅ፣ እንዲህ ነው እሱ" አለች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ የጠረጴዛውን ልብስ ስታስተካክል ቆየችና፣ "ስናገር አብሮኝ አልቅሷል እኮ" አለችኝ። "ካሜራውን ይዞ ትከሻው እስኪርገፈገፍ። እሱስ ውሸት ነበር ትያለሽ?"

"አላውቅም እማዬ" አልኳት። እውነትም አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ወንበሮቹንና ካርቡራተሩን ፈትቼ አወጣሁ። በሚስተር ሩበን በኩል ሰጪዎቹን እያፈላለግኩ መለስኩ። አንደኛው አልቀበልም አለኝ፤ "ለያሬድ ነው የሰጠሁት፤ ያሬድ እውነት ነው አይደል?" ሲለኝ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። የሱን ካርቡራተር መልሼ ገጠምኩት። ወንበሮቹ ግን ሄዱ። አሁን የተቀደዱትን አሮጌ ወንበሮች ብርድ ልብስ አልብሼ ነው የምነዳት።

ይህን የነገርኳቸው አንዳንድ ወዳጆቼ፣ "ቢያንስ ስሙን አስጠራለት፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያሬድን አወቀው" ይሉኛል። እናንተም እንደዚያ ታስቡ ይሆናል። እኔ ግን የሆነብኝን ልንገራችሁ። ኤፍሬም በእጅ የሚያዝ ነገር አልወሰደብኝም። መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ አለች። የወሰደብኝ ሌላ ነው። ዛሬ ወንድሜ ሆስፒታል አልጋው ላይ ያለኝን ላስታውስ ስሞክር የያሬድን ድምፅ አላገኘውም። የምሰማው ኤፍሬም በማይክራፎን፣ በእንግሊዝኛ፣ ሰዉም ሲስቅ ነው። ያሬድን ለመስማት ያን ሁሉ ጭብጨባ ማለፍ አለብኝ። አንዳንድ ቀን አልፈዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ያቅተኛል።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ሰው ሐዘኑን ሲያካፍላችሁ አደራ እንደተቀበላችሁ ቁጠሩት። አትጨምሩበት፣ አታሳምሩት። እኔም ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለውጫለሁ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሥራ አልገባም። ኖቫዋን ይዤ እወጣለሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ወንድሜ የምናገረው ራሴ ነኝ። ንግግር አላውቅበትም፤ አንዳንዱ መሀል ላይ ትቶኝ ይሄዳል። ይሂድ።

ኤፍሬም ለእኔ ደውሎልኝ አያውቅም። ለእናቴ ግን በፋሲካ ደወለላት። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋው ስለነበር ሰማሁት።

"እማዬ፣ እንኳን አደረስዎ" አለ።

እናቴ ትቆጣዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም።

"እንኳን አብሮ አደረሰን" አለችው። "ኤፍሬም፣ እናትህ ደሴ አለች። ዛሬ በዓል ነው፤ ስልኳን ይዛ ነው የምትውለው። ለእሷ ደውል።"

እሱ አንድ ነገር ሊል ሲጀምር ስልኩን ዘጋችው።